ከድኝ ቤት አጠገብ

የካቲት 8 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሞጣ

ወረቀቶቹ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ በመጣው መኪና ደረሱ። ነጫጭ ናቸው፤ በጣት ስፋት ተቆርጠው ጠርሙስ ውስጥ ታሽገዋል። ውኃ ውስጥ ነክሮ መስቀል ብቻ ነው። የድኝ ጢስ ካገኛቸው ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ካላገኛቸው ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሰማያዊው በጠቆረ መጠን ጢሱ በርትቷል ማለት ነው። የተቆጣ ካህንም ሆነ አፈ ጮሌ ነጋዴ ሊከራከረው የማይችል ነገር እጄ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ገላው የሚባሉ ነጋዴ ከከተማው በታች ሸማ የሚያነጡበት ቤት ሠርተዋል። ከየገጠሩ የተሸመነ ኩታና ጋቢ ይሰበሰባል፣ ይታጠባል፣ እርጥቡን በተዘጋ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩም ድኝ ይነድዳል። በማግሥቱ ሲወጣ ከመንጣቱ የተነሣ ዓይን ይወጋል። ሰዉ ድኝ ቤት ይለዋል። አዲስ አበባ ለፋሲካ የምትለብሰው ነጭ ግማሹ ከእኔ ነው የሚሄድ ይላሉ አቶ ገላው፤ ግማሹ ባይሆን እንኳ ብዙ ነው። ከድኝ ቤቱ ራቅ ብሎ ያለው የጊዮርጊስ ግርጌ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ጢሱ ጉሮሯችንን ፈጀው ብለው ለአውራጃው አመለከቱ። አውራጃው ለጤና ጣቢያው መራው፤ ጤና ጣቢያው ውኃና አየር የሚመረምር ሳኒተሪያን ስላልነበረው እኔን ከቢቸና አስመጣኝ።

ሀብትነሽ ዕቃችንን ፈትታ ጨረሰች። የተከራየነው ቤት እዚያው ጊዮርጊስ ግርጌ ነው። አልጋውን ስታነጥፍ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ ዐረፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ ቢቸና ሳለን ግን በወር አንድ ቀን ቢነሣባት ነው።

የካቲት 11

የጠርሙሱ መመሪያ ወረቀቱን ሰቅሎ አሥር ደቂቃ ፊቱ ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ሞጣን አያውቃትም። ሠላሳ ቤት አለብኝ። በሠላሳ ቤት አሥር አሥር ደቂቃ ስገተር፣ በየቤቱም «ግባና ቅመስ» ስባል፣ ለፋሲካም አልደርስ።

የራሴን ዘዴ አወጣሁ። እንዳይደርቁ ጫፋቸውን ውኃ ያለበት ሲኒ ውስጥ አድርጌ ጠዋት ሁሉንም ሰቅዬ እሄዳለሁ፤ ማታ ለቅሜ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የዋለ ወረቀት አሥር ደቂቃ ከቆየው የበለጠ ያውቃል። ለኃላፊዬ ባስረዳቸው «አንተ ልጅ ብልህ ነህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የካቲት 15፣ ሰኞ

ዛሬ ሁዳዴ ገባ። ሠላሳውንም ለቅሜ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኋቸው። ከገበያው ማዶ ያለው ላይኛው ሰፈር ነጭ። ይህ ይጠበቃል። ጊዮርጊስ ግርጌ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህም ይጠበቃል። ድኝ ቤቱን ተጠግተው የተሠሩት አምስት ቤቶች ግን ነጭ ናቸው። ትናንትና ከትናንት ወዲያም ያው ነጭ ነበር።

ግራ ገብቶኝ ቆይቼ ምክንያቱን አገኘሁት። ድኝ ቤቱ ጢሱን የሚያስወጣው በጣራው ቀዳዳ ነው። ትኩስ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ ጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ የቅርቦቹን ቤቶች በአናታቸው ላይ አልፎ ርቆ ይወርዳል። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ከድኝ ቤቱ ሲሸሽ ከጢሱ ሥር እየገባ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ቤት ወረቀት ከጠቆሩት አንዱ ነው። ሀብትነሽ አንሥታ አየችውና «ይህን ነው የምተነፍሰው?» አለችኝ።

የካቲት 19

ሀብትነሽ ዛሬ እራት ላይ «ቢቸና አባቴ ዘንድ ልሂድ» አለች። «ፋሲካ ሲያልፍ ድኝ ቤቱም ሥራው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ እመለሳለሁ።» አባቷ ቄስ ሣህለ ማርያምም በገበያተኛ ልከውብኛል፤ «ልጄን ላክልኝ፣ እዚህ ነፋሱ ደግ ነው» ብለዋል።

አስብበታለሁ አልኋት። አስቤበታለሁ። የጤናው ሰው ሚስቱን ከከተማው አሸሸ ቢባል ማን ያምነኛል? ለደብተሬ ግን እውነቱን ልጻፍ እንጂ፤ ይህ ዋናው ምክንያት አይደለም። አገሬ እንደርታ ነው፤ እዚህ ማንም የለኝም። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፤ ያለ እርሷ ቤት ገብቼ አላውቅም። ባዶ ቤት መግባቱን ሳስበው ፈራሁ።

ደግሞስ ለምን ትሄዳለች? ነጭ ወረቀት ያለበት ቤት እያለ።

የካቲት 24

ገባን። እመት ጥሩአየሁ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ግቢ ውስጥ ነው፤ የጓሯቸው አጥር የድኝ ቤቱ ግድግዳ ነው። ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ከጤና ጣቢያው አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ምሳ እቤቴ መብላት እችላለሁ።

ዕቃ ስናወርድ እመት ጥሩአየሁ በር ላይ ቆመው አዩንና «ምነው የጤናው፣ አፍንጫህን የት ጥለኸው መጣህ?» አሉኝ። በልጅነቴ ተስቦ ታምሜ ከተነሣሁ ወዲህ እውነትም ብዙ አላሸትም። ነጩን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው፣ ትርጉሙንም አስረዳኋቸው። አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

የካቲት 30

ወረቀቱን ከትራሷ በላይ ሰቅዬዋለሁ። በየማታው ነጭ። አምጥቼ አሳያታለሁ፤ እሷም «እሰይ» ትላለች።

ሳሉ ገና አልተዋትም። የጊዮርጊስ ግርጌው ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። እኔንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። የሁዳዴው ሽሮ በርበሬ በዝቶበት ይሆናል።

መጋቢት 3

ሩጫ። ሪፖርት። ምሳ አልበላሁም። ስትስል ሰማሁ፣ ከመንገድ ነው የሰማሁት።

መጋቢት 9

ሪፖርቱ ሄደ። አሥራ አንድ ገጽ፣ ከነካርታው። ለድኝ ቤቱ ጎረቤቶች አያሰጋም፤ ጢሱ የሚያርፈው ጊዮርጊስ ግርጌ ስለሆነ መፍትሔው እዚያ ይፈለግ ብያለሁ። ኃላፊዬ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ አውራጃ ወጥቶ አያውቅም አሉ።

አቶ ገላው ሰምተው ቢሮ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ስሜን ከሐሜት አወጣህልኝ» አሉኝ። ለፋሲካው ሸማ ስለበዛባቸው ሁለተኛ ምድጃ ሊጨምሩ ነው። ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለጎረቤቶቹ ያው ነው አልኋቸው።

ስመለስ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች ሳያዩኝ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሚስቱን ከድኝ አፍ ላይ አስቀምጦ ይለካል አሉ» አለች አንዷ። ሌላይቱ «ምን እየለካ?» ብላ ሳቀች። ተናደድሁ። እነዚህን ሰዎች ለማስተማር ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል።

መጋቢት 14

ይርሳው መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፣ ልበ ቀና ሰው። ዛሬ ለትንፋሿ የሚሆን ኤፌድሪን ሰጠኝና «ቤት ብትቀይሩላት?» አለኝ። ቀየርን እኮ አልሁት። «ወዴት?» አለ። ነገርሁት። ኪኒኑን ሲቆጥር ቀና ብሎ አላየኝም።

መጋቢት 20

ምን እንደሆነ አላውቅም። በአቧራ አሳብቤ ወለሉን ሁለት ጊዜ በእበት አስለቀለቅሁ። ጭድ የሞላውን ፍራሽ አውጥቼ ጣልሁ። ከዚያ እመት ጥሩአየሁ ጥጥ ሲፈትሉና ሲያባዝቱ የሚቦነው ብናኝ ትዝ አለኝ። ሄጄ በትሕትና ነገርኋቸው። ሴትዮዋ የሚኖሩበት እሱ ነው። እንዝርታቸውንና መዳመጫቸውን ይዘው ገበያ ዳር እኅታቸው ቤት እየሄዱ መፍተል ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ ቀድመው ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ይህ ይበልጥ አሳፈረኝ።

መስኮቱን ጢስ ቢገባስ ብዬ ዘጋሁት፣ ደግሞ አየር ትፈልጋለች ብዬ ከፈትሁት። ሀብትነሽ «ተወው ገብሬ፣ ተቀመጥ በቃ» አለችኝ። መቀመጥ አልችልም፤ ወረቀቶቹ ይጠብቁኛል።

አባቷ ላክልኝ ማለታቸውን ትተዋል። ባለፈው ጊዜ አየሩ ንጹሕ ነው ብዬ የላክሁባቸው መልእክት ገብቷቸዋል መሰለኝ።

መጋቢት 27

የጣራው ሚስማር ዝጎ ቀይ ውኃ ያወርዳል፤ ቤቱ አዲስ ነው ብለውኝ ነበር። በር ላይ ያለው ጌሾም ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ቢጫ ሆነ። ውኃ አንሶት ይሆናል፣ ነገ አጠጣዋለሁ።

ወረቀት፦ ነጭ።

ሀብትነሽ፦ ቁጭ ብላ አደረች። ጋደም ማለት አቃታት።

ሚያዝያ 3፣ ሆሣዕና

ቤተ ክርስቲያን ልሂድ አለች። የቄስ ልጅ ናት፣ ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት የለም፤ ስለዚህ ዛሬ ለተሰበሰበው ሁሉ አስቀድሞ ይፈታል። «በዚህ ቀን ከቤት ውዬ አላውቅም» አለችኝ። ሰዉ ብዙ ነው፣ አቧራ አለ፣ ዕጣን አለ፤ እዚህ ንጹሕ አየር ውስጥ ዕረፊ አልኋት። ብቻዬን ሄጄ ዘንባባ አመጣሁላት። በጣቷ እንደ ቀለበት አሠረችው።

ሁለቱም ምድጃ ቀን ከሌት ይነድዳል። ለፋሲካ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ሚያዝያ 5፣ ማክሰኞ

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍሁት ነገ ሌላ ምክንያት እፈልግለታለሁ።

ጠዋት እንደ ልማዴ ወረቀቱን ነክሬ ከትራሷ በላይ ሰቀልሁና ቦርሳዬን አነሣሁ። ሀብትነሽ እጄን ያዘች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «ዛሬ አትሂድ፤ እዚህ ቁጭ በል» አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። ተቀመጥሁ። ይህን ወረቀት ሰቅዬ አጠገቡ ስቀመጥ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊ ሆነ። ጊዮርጊስ ግርጌ እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ቆሜ ሳየው ደግሞ መገርጣት ጀመረ። ከዳሩ ጀመረ፣ ወደ መካከሉ ሄደ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሆን ወረቀቱ ተመልሶ ነጭ ሆነ። ማታ ማታ እያመጣሁ የማሳያት ያንኑ ነጭ።

ሌላ ነከርሁ። ያው ሆነ። ሦስተኛም ነከርሁ።

ጥቂት ጢስ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ብዙ ጢስ ደግሞ ያንኑ ሰማያዊ መልሶ ያነጣዋል። መመሪያው ቆመህ ተመልከት ያለው ለዚህ ነበር። የላይኛው ሰፈር ነጭ ምንም ስለሌለበት ነጭ ነው። የእነዚህ አምስት ቤቶች ነጭ ከልክ በላይ ስላለበት ነጭ ነው። ጊዮርጊስ ግርጌ መካከለኛው ነበር። ካርታዬን የሠራሁት ገልብጬ ነው። ሚስቴን ከሚያስላት ቤት አውጥቼ ወደሚገድላት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ። ምንም አልኋት። በጋቢ ጠቅልዬ ተሸክሜያት ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። እንዲህ መቅለሏን አላወቅሁም ነበር። ይርሳው የነበረችውን አንድ መርፌ ወጋት፣ ትንሽ ተነፈሰች። ሌላ የለንም አለ። ዶክተር ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ነገ ጠዋት የሚነሣው መኪና አንድ ብቻ ነው፣ የአቶ ገላው ጭነት። ለምኜ ሳልጨርስ ጋቢናውን ለእሷ ብለው ሾፌሩን አዘዙልኝ።

ሚያዝያ 6

ሀብትነሽ ሞተች። መንገድ ላይ፣ ጉንደ ወይን ሳንደርስ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ።

ሚያዝያ 8፣ ስቅለት፣ ቢቸና

ጋቢናው ውስጥ በእኔና በሾፌሩ መካከል ነበረች። ከኋላችን እስከ ላይ የታሰረ ነጭ ሸማ ነው የተጫነው፣ በዋዜማው ከድኝ የወጣ። «ይኸ ሽታ ተከተለን» አለችኝ። መስኮቱን ከፈትሁ፤ አቧራው ገባ፤ ዘጋሁት። ዳገቱ ላይ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ የተኛች መስሎኝ ደስ አለኝ። ለስንት ጊዜ ደስ እንዳለኝ አላውቅም። ሾፌሩ ነው ቀድሞ ያወቀው። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

ሾፌሩ ከጭነቱ አንድ አዲስ ነጠላ መዝዞ አለበሳት። ሰውየው ደግ አስቦ ነው። እኔ ግን ገፍፌ መንገድ ላይ ወረወርሁትና በለበስሁት ኮት ሸፈንኋት። ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ ብሎ ይሆናል ያሰበው፤ ወርዶ አንሥቶ አቧራውን አራግፎ መለሰው።

መንገዱ በቢቸና ያልፋል፤ ቄስ ሣህለ ማርያም ደጃቸው ላይ ተቀበሉን። የቀበርናት ራሳቸው በሚያገለግሉበት ደብር ነው። ደወል አልተደወለም፣ ፍትሐት አልተፈታም። ካህኑ አባቷ እንደ ማንም ሰው ዳር ቆመው አፈሩ ሲመለስ አዩ። ሲያበቃ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «በሆሣዕና ቆማ ነበር?»

አልቆመችም አልኋቸው።

ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ጾሙን ፈትቶ ይመጣል። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለኝ። «አንተማ ያልደከምህላት የለም።» «ቤት እንኳ ለይተህ፣ አየሩን እየለካህ።» «እንዲህ ያለ ባል ማን አገኘ?» አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ። አንዲት ሴት እጄን ሳመችኝ።

አልናገርሁም። ዛሬ ፋሲካ ነው፣ ሰው አይረበሽ ብዬ ነው።

ሚያዝያ 17፣ ሞጣ

ተመለስሁ። ኃላፊዬ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ሰጡኝ። እመት ጥሩአየሁ ጠዋትና ማታ ምግብ ያመጡልኛል፤ እንድበላ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ሲነሡ ሲቀመጡ ያስላቸዋል። ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ቤት አልፎ ያለች አራስም ስትስል እሰማለሁ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 20

አልነገርሁም። ምድጃው ከፋሲካ ወዲህ አንድ ብቻ ነው የሚነድደው፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ለውጥ የለውም። ለውጥ አለው። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

ሚያዝያ 24

ነገርሁ። እመት ጥሩአየሁ ሳህኑን ሲያነሡ ነው የጀመርሁት። ወረቀቱ እንዴት ሰማያዊ ሆኖ ተመልሶ እንደሚነጣ፣ ይህ ሰፈር ከሁሉ የከፋው መሆኑን፣ ሪፖርቴ ሐሰት መሆኑን፣ ሀብትነሽን ምን እንደገደላት። መሬት መሬት እያየሁ ጨረስሁ።

«እኛማ እናውቅ ነበር ልጄ» አሉኝ። «አንተ ነህ ያላወቅኸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርሁህ እኮ። ወረቀት አሳየኸኝ።»

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው የወደቀውን ፍርፋሪ ለቀሙ። «እኛ መሄጃ ስለሌለን ነው የኖርንበት» አሉ። «እናንተ ስትመጡ ጊዜ፣ የተማረ ሰው ሚስቱን ይዞ ከገባማ አፍንጫችን ይሆናል የተሳሳተው አልን። የዚያች አራስ ባል ሊለቅ ዕቃ አሥሮ ነበር፤ እናንተን አይቶ ፈታ።»

እንዝርታቸውን ከእኅታቸው ቤት እንዲመልሱ ለመንኋቸው። እንቢ አላሉም።

ሚያዝያ 28

አዲሱ ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው። አምስቱን ቤቶች በአሥር ደቂቃው ለካኋቸው፣ እየቆምሁ። ድኝ ቤቱ ከሰው መኖሪያ ይራቅ፣ እስኪርቅም ይቁም፤ የመጀመሪያው ሪፖርት በእኔ ስሕተት የተበላሸ ስለሆነ ይሰረዝ፤ በዚህም ስሕተት የአንድ ሰው ሕይወት ጠፍቷል ብዬ ፈረምሁ። ኃላፊዬ የመጨረሻውን መስመር አውጣው አሉኝ። «አስም ነበረባት፤ በምን እንደሞተች ማን ያውቃል? ለራስህም ለእኛም አይበጅም።» አላወጣሁትም። ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ያህል ዝም ያልሁ ሰው ነኝ። አቶ ገላው ዘንድም ራሴ ሄድሁ። «እኔም ከነሸማው መኪናዬን ሰጥቻት» አሉ። የአራሷ ቤተሰብ ለእመት ጥሩአየሁ በነገርሁ ማግሥት ወጣ።

ያልነገርሁት የቀረኝ አንድ ሰው ነው።

ግንቦት 15፣ ቢቸና

የሀብትነሽ ዐርባ። ሰዎቹ በልተው ጠጥተው፣ ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቄስ ሣህለ ማርያም ጋር ሁለታችን ብቻ መደቡ ላይ ቀረን። ነገርኋቸው። ከየካቲት ጀምሬ እስከ ጋቢናው ድረስ፣ ቢቸና ልሂድ ማለቷንም፣ እኔ ባዶ ቤት ፈርቼ ማስቀረቴንም። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

ስጨርስ ተነሥተው ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ሲመጣ ዲያቆኑ ነበር ያነበበልኝ። አንተ አንብብልኝ» አሉኝ። የሀብትነሽ እጅ ጽሕፈት ነው፣ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፈው፣ መስመሩን የሚለቅቀው። መጋቢት 12 ቀን ይላል።

«ለውድ አባቴ። እንደምን ሰንብተዋል። እኔ ደኅና ነኝ። ለእርስዎ ግን መዋሸት አልወድም፤ አዲሱ ቤት ያፍነኛል። ድኙ ሲነድድ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ለገብሬ አልነገርሁትም። ለእኔ ብሎ ነው ይህን ቤት የፈለገው። ማታ ማታ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ነጭ ነው ሲለኝ ፊቱን ቢያዩት። እንዴት ብዬ ነው አይደለም የምለው? ፋሲካ እስኪያልፍ እችለዋለሁ። እርስዎም መጥተው ልውሰድሽ እንዳይሉኝ። ብቻውን አይሆንለትም።»

ደብዳቤው እዚያ ላይ ያበቃል።

ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዙ። «ይህ የደረሰኝ በመጋቢት ነው» አሉ። «በቅሎ ነበረኝ። መንገዱንም አውቀዋለሁ። ትዳሯ ነው፣ እሷም አትምጣ ብላለች ብዬ ተቀመጥሁ። የፋሲካን ቀን ስቆጥር ነበር እኔም።»

ውጭ ሴቶቹ ዕቃ ያጥባሉ። ቄሱ ወረቀቱን ከእጄ ሳይወስዱ፣ እንደገና ከላይ ጀምሬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብሁላቸው።